የሕልም ደቦ

በሐይቅ ከተማ ሐሙስ ሐሙስ ሱቆች በጊዜ ይዘጋሉ። ዳቦ ቤቱ እሳቱን ያጠፋል፣ ባጃጆች ወደየግቢያቸው ይገባሉ፣ ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም የተመለሰው ሰው እግሩን ታጥቦ፣ ቀለል ያለ ራት በልቶ ይተኛል። ከመተኛቱ በፊት አዋቂ የሆነ ሁሉ ምስር የምታክል ልጥፍ ከጆሮው ጀርባ ይለጥፋል። ዕለቱ የደቦ ነው።

ድሮ ደቦ የሚወጣው ለአጨዳ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን የማይዘልቀውን ማሳ ጎረቤት ተሰብስቦ ያጭድለታል። አሁን የሚታጨደው ሌላ ነው። በጦርነቱ ዘመን ወይም በገዛ ቤቱ፣ በተዘጋ በር ጀርባ፣ አንድ ነገር የደረሰበት ሰው መሸከሙ ሲያቅተው ወደ እንቅልፍ ቤት ሄዶ ይሰጠዋል። የሰጠው ነገር ተቆራርሶ ለማያውቃቸው ሰዎች ይታደላል። አንዱ ጭሱን ያልማል፣ አንዱ ሩጫውን፣ አንዱ በሩ ሲገነጠል የተሰማውን ድምፅ። ሰጪው ከዚያ ወዲያ አያልመውም፤ አያስታውሰውምም።

አርብ ጠዋት ሰው ሁሉ ውሃ ውስጥ እንደሚሄድ ዝግ ብሎ ይራመዳል። ሰላምታውም ይለያል። "እንዴት አደርሽ?" በሚባልበት ቦታ "ቀለለሽ?" ይባላል። "ቀለለኝ፣ አልሐምዱሊላህ" ትላለች ሌላዋ፣ ዓይኗ ገና ከሄደበት ሳይመለስ። ምን እንዳለመች ግን አትናገርም። የሐሙስን ሕልም ማውራት የሰው ገመና እንደማውጣት ይቆጠራል።

ይህ ከተጀመረ ወዲህ በከተማው ሰው ሰውን መታ ሲባል አይሰማም። ፖሊስ ጣቢያው ችግኝ ማፍያ ሆኗል። በሌላ ሰው ገላ ውስጥ ሆኖ ዱላ የቀመሰ ሰው ዱላ ለማንሳት ክንዱ አይታዘዘውም። ልጆች ጩኸት የሚያውቁት ከኳስ ሜዳ ብቻ ነው።

ከሕልሙ የሚፋቅ አንድ ነገር አለ። የታጠቁት ሰዎች ልብስ ቀለም የለውም፣ ቋንቋቸውም አይለይም። ሲነጋገሩ የሚሰማው ድንጋይ ላይ የሚወርድ ውሃ ነው። ስለዚህ ማን እንደነበሩ ማንም አያውቅም፣ ማንን መጥላት እንዳለበትም አያውቅም።

ጦይባ ከሐይቅ ደሴ የሚመላለስ አውቶቡስ ትነዳለች። አርባ ልትደፍን ጥቂት ቀርቷታል፤ አላገባችም፤ ከእናቷ ከመዲና ጋር በሐይቁ ዳር ባለች ትንሽ ግቢ ትኖራለች። መዲና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። ልጇን አንድ ቀን ተቆጥታ አታውቅም፤ ዘፍናላትም አታውቅም። ዕቃ ስታስቀምጥ እንኳ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ የምትጠነቀቅ ይመስላል። ሠፈሩ ሁሉ "እንደ መዲና የረጋ ሰው የለም" ይላታል። ይህ እርጋታ ጦይባን ከልጅነቷ ጀምሮ በስስ መጋረጃ ማዶ ያለች እናት እንዳላት ያህል ያስቆዝማት ነበር፤ ግን ምን ብላ ትክሰሳት? የምትከስስበት ነገር የላትም።

በዚያ ዓመት፣ ማሽላው እሸት በያዘበት ወር፣ ለጦይባ አዲስ ድርሻ ደረሳት። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ያው ሕልም ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ናት፤ የድሮ ሰው እህል የሚያኖርበት ዓይነት። አፈሩ ይቀዘቅዛል፣ ያረጀ እህል ይሸታል። ከላይ የአገዳ ክምር ተረብርቦ ብርሃኑ በቀጭን በቀጭኑ ይገባል። አንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ የተላጠ ጥንቅሽ ያቀብላታል። ብርሃኑ ከኋላው ስለሆነ ፊቱ አይታይም። "እያላመጥሽ ቆዪ፣ ሙኒዬ" ይላታል። "አፍሽ ሥራ ከያዘ አያለቅስም።" ከዚያ አገዳውን መልሶ ይከድናል። ሕልሙ እዚህ ላይ ያልቃል። አስፈሪ ነገር አልነበረበትም ማለት ይቻላል። ጦይባ አርብ ጠዋት ስትነቃ አፏ ውስጥ የጥንቅሽ ጣዕም ይቀራል፤ ልቧ ግን የሆነ ሰው ጥሏት እንደሄደ ይከብዳታል።

አንድ አርብ ጠዋት የጎረቤት ሕፃን ግቢያቸው ውስጥ ስትሯሯጥ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። መዲና አንስታት፣ አቧራዋን አራገፈችላትና ከቁርሱ ላይ ቁራሽ ዳቦ አፏ ውስጥ አደረገችላት።

"አይዞሽ፣ አላምጪ" አለቻት። "አፍሽ ሥራ ከያዘ አያለቅስም።"

ጦይባ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ይህን ቃል በልጅነቷ ስንቴ ሰምታዋለች! መርፌ ስትወጋ፣ ጥርሷ ሲነቀል። እንዴት ሳታስተውለው ቀረች? ሕፃኗ እስክትወጣ ጠበቀች።

"እማዬ፣ ይህን ቃል ከማን ሰማሽው?"

"የቱን?"

"አፍሽ ሥራ ከያዘ ያልሻትን።"

"እኔ እንጃ። ሁሌም እለዋለሁ።"

ጦይባ ትንሽ አመነታች። ነውር መሆኑን ታውቃለች። "ሙኒዬ ብሎ የሚጠራሽ ሰው ነበር?"

መዲና የምትሰበስበውን ሳህን መልሳ አስቀመጠችው፤ ድምፅ አወጣ። "ማን ነገረሽ?" አለች።

ከዚያ ሁለቱም ተቀመጡ፤ መዲና ተናገረች። የልጅነት ስሟ ሙናጀት ነበር። መዲና ያለቻት ከጦርነቱ በኋላ መንገድ ላይ አግኝታ ያሳደገቻት ሴት ናት። ይማም የሚባል ታላቅ ወንድም ነበራት፤ በጦርነቱ ሞቷል። ይህን የምታውቀው ሰው በዜና እንደሰማው ነገር ነው።

"አንቺን ባረገዝኩ ጊዜ እንቅልፍ አልነበረኝም" አለች። "በር ሲንኳኳ ከአልጋ ሥር እገባ ነበር። ያኔ ደሴ ያለው የእንቅልፍ ቤት ገና መከፈቱ ነው፤ ስምም አይጠይቁም። ፍርሃቴን አንቺ እንዳትጠቢው ብዬ ሄጄ ሰጠሁ። በነጋታው ተኛሁ። ዳግመኛም አልጮህኩም።" ቀና ብላ ልጇን አየቻት። "ፊቱ አብሮ እንደሚሄድ ግን አልነገሩኝም። ነግረውኝ ከሆነም አልሰማሁም። ይማምን ለማሰብ ስሞክር የሚመጣልኝ ባዶ ቦታ ነው፤ ከግድግዳ ላይ ፎቶ ሲነሳ እንደሚቀረው ያለ። አንቺ አየሽው? ምን ይመስላል?"

"አላየሁትም፣ እማዬ። ብርሃኑ ከኋላው ነው።"

መዲና የደጁን መንገድ አየች። "እንግዲያው ሌላ ሰው ዘንድ ነው ያለው" አለች።

በማግሥቱ እናትና ልጅ ወደ እንቅልፍ ቤት ሄዱ። የተቀበለቻቸው ረድኤት የምትባል ወጣት ባለሙያ ናት፤ ድምፅዋ እንደ ለብ ያለ ውሃ ነው። ሰምታ ስትጨርስ ራሷን ነቀነቀች።

"የቀድሞዎቹ ሰጪዎች ስም ስላልተያዘ ነው ለልጅዎ የደረሰው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ለዘመድ መድረስ አልነበረበትም። መመለስ ግን አንችልም፣ እማማ። ለማን ለማን እንደታደለ እኛም አናውቅም።"

"ሰዎቹን ፈልጌ ብጠይቃቸውስ?" አለች ጦይባ።

ረድኤት ከወንበሯ ተነስታ አጠገባቸው መጥታ ተቀመጠች። "እሱን አልመክርም። ሰው በአፉ ሲነግራት ገላዋ ያውቀዋል። ፍርሃቱም መንቀጥቀጡም፣ ቁጣውም ይመለሳል። ያኔ ደግሞ ሁለተኛ ልንወስድላት አንችልም።" ወደ መዲና ዞረች። "ሰላም አይደሉም እንዴ እስካሁን?"

"ሰላም ነኝ" አለች መዲና። "ሰላም መሆኔ ነው የቸገረኝ።"

ጦይባ ያን ሳምንት ምንም አላደረገችም። ፈራች። እናቷ እየተንቀጠቀጠች በር ስትቆልፍ አስባ ፈራች። ግን መዲና በየማለዳው ወደ ደጅ ወጥታ የሚያልፈውን ሰው ፊት ማየት ጀመረች። አንድ በአንድ፣ ትኩር ብላ ታያቸዋለች። ሰዎቹ ሰላምታ መስሏቸው ጎንበስ ይሉላታል። ጦይባ ይህንን መቻል አቃታት።

የደሴው መንገድ ሽቅብ በሚወጣበት፣ ሐይቁ ከበስተኋላ እንደ ተዘረጋ ነጠላ በሚታይበት ቦታ፣ የአውቶቡሱን ማይክሮፎን አበራች።

"እህት ወንድሞቼ፣ ነውር ነገር ልጠይቃችሁ ነው፤ አውፉ በሉኝ" አለች። "የጥንቅሽ ጣዕም ያለበት ሐሙስ የደረሰው ሰው አለ? የማሽላ ማሳ ውስጥ ያለ ልጅ የሚታይበት? የናቴ ወንድም ነው። ፊቱ ጠፍቶባታል።"

አንድ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ አንዲት እናት የልጇን ጆሮ በመዳፏ ሸፈነች። ደሴ ሲደርሱ ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ወረደ። ጦይባ በዚያ መስመር በየቀኑ፣ በየጉዞው ያንኑ ጠየቀች። አለቆቿ ጠርተው ገሠጿት፤ በጥሩ ቃል ነው የገሠጿት፣ ሰው ክፉ ቃል መናገር ትቷልና። እሷም መጠየቋን ቀጠለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወርዶ አንዲት ወጣት ሴት ከኋላ ወንበር ላይ ቀረች። ሉባባ ትባላለች፤ ገና ማግባቷ ነው፤ እጇ ላይ ሂናው አልለቀቀም።

"እኔ ጋ አለ" አለች እየፈራች። "ፊቱ። የኔ ድርሻ ፊቱ ብቻ ነው። ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም።"

ጦይባ አውቶቡሱን ለሌላ ሾፌር አሳልፋ ሰጥታ በሌላ መኪና ሉባባን ወደ ቤት ይዛት መጣች። መዲና እንግዳዋን አስቀምጣ፣ እርጎ ሰጥታ፣ ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሉባባ ዓይኗን ጨፈነች።

"ጆሮዎቹ ትልልቅ ናቸው" አለች። "ፀሐይ ታበራባቸዋለች፤ ቀይ ይሆናሉ። የፊት ጥርሱ ትንሽ ተሸርፋለች። ሲስቅ ግራ ዓይኑ ይጨፈናል፣ የሚጠቅስ ይመስላል። ቅንድቡ ላይ የማሽላ ብናኝ አለ። እና... እማማ፣ እርስዎን ነው የሚመስለው። እርስዎን ወንድ ልጅ ቢያደርጉዎት እሱን ነው የሚሆኑት።"

መዲና እጇን ወደ ገዛ ፊቷ አነሳች። ጆሮዋን ነካች፣ ከዚያ ግራ ዓይኗን። ከዚያ ሣቀች። ጦይባ እናቷን እንዲህ ስትስቅ አይታት አታውቅም፤ ግራ ዓይኗ ተጨፈነ።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ወሬው በመንገዱ ሽቅብ ሄዶ ወልዲያ ደረሰ፤ እሁድ ቀን ጋሽ ፈንታው የሚባሉ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ከአውቶቡስ ወረዱ። ጦይባ ናት የተቀበለቻቸው። ድንጋይ ፈላጭ ነበሩ፤ ልጅ የላቸውም። በሐይቁ ዳር እየተራመዱ የሳቸውን ድርሻ ነገሯት።

ልጅቱ ጉድጓዱ ውስጥ ናት። ጥንቅሹን ጨርሳዋለች። ዙሪያው ዝም ሲል ጊዜ ጨለማው አስፈራትና ወንድሟን በስሙ ተጣራች። ታጣቂዎቹ ቅርብ ነበሩ። ሰሙ።

ጦይባ ቆመች። "ጋሽ ፈንታው" አለች፣ "ይህን አይንገሯት። እባክዎ። ፊቱን አግኝታለች፤ ይበቃታል። የቀረውን ይዘውት ይመለሱ።"

ሽማግሌው ሐይቁን አዩ። ጀልባ አንድ ብቻ ነበረች፤ የማትንቀሳቀስ ትመስላለች። "ስንት ዓመት ነው የተሸከምኩት" አሉ። "መሸከሙ አይከብደኝም፤ ለምጄዋለሁ። ከጠየቀችኝ ግን መዋሸት አልችልም፣ ልጄ።"

ቤት ሲደርሱ መዲና በር ላይ ነበረች። ገና ሳይቀመጡ ተናገረች።

"ጠርቼዋለሁ አይደል?"

ጦይባ "እማዬ..." ብላ ልታቋርጣት ሞከረች።

"ተይ፣ ጦይባ። ቃሉ ጠፋብኝ እንጂ ነገሩ ከኔ ወጥቶ አያውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን ድምፄን ከፍ ያላደረግሁት ለምን ይመስልሻል? ጋሼ፣ ጠርቼዋለሁ?"

"ጠርተሽዋል" አሉ ጋሽ ፈንታው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። "'ይማሜ!' ብለሽ። ሰዎቹ ወደ ጉድጓዱ ዞሩ። የውሃ ድምፃቸው ቀረበ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ከማሳው ማዶ፣ ከሩቅ፣ 'አቤት!' አለ።"

መዲና አልተነቃነቀችም።

"አጠገብሽ አልነበረም" አሉ ሽማግሌው። "ርቆ ነበር፤ ማምለጥ ይችል ነበር። ስትጠሪው ግን በኃይል 'አቤት!' አለ። የጠራው ሰው ከወዲያ በኩል ያለ አስመስሎ። እየሮጠ ደግሞ ይለዋል፤ 'አቤት! አቤት! መጣሁ!' ይላል፤ የሚሄደው ግን ወደ ገደሉ ነው። ሰዎቹ ድምፁን ተከትለው ሄዱ። አገዳው እየተሰበረ ይሰማል። እየራቀ፣ እየራቀ ይሄዳል። ተኩሱ ሩቅ ነው።" ከዘራቸውን መሬት ላይ ጫን አደረጉ። "አታውቂም እንጂ እኔ ያን ልጅ እወደዋለሁ። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ዞሮ እንዲያመልጥ እለምነዋለሁ። አንድ ቀን ሰምቶኝ አያውቅም።"

ከመዲና ደረት የወጣውን ድምፅ በዚያ ሠፈር በዕድሜው የሰማ ልጅ አልነበረም። "ወንድሜን!" ብላ ጮኸች። ደረቷን መታች። "ወንድሜን! አንተ ትልቅ ጆሮ! ምነው ዝም ብትለኝ! ምነው ባትሰማኝ!" ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ። ወጣቶቹ ምን መሆኑን ስላላወቁ በሩ ላይ ቆሙ፤ አሮጊቶቹ ግን አወቁት። አንዷ ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ መዲናን ከጎኗ ይዛ አብራት አለቀሰች። ቀጥሎ ሌላዋ ገባች። ጦይባ እናቷን አቅፋ ስትንቀጠቀጥ ይሰማት ነበር፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል፣ ላቧ ይወርዳል። የፈራችው ነገር መጣ። አልለቀቀቻትም።

ረድኤት ወሬውን ሰምታ ደረሰች። ትንሽ ብልቃጥ ይዛ መጥታለች። "ለዛሬ ብቻ ላስተኛዎት፣ እማማ" አለች ተንበርክካ።

"አልፈልግም፣ የኔ ልጅ" አለች መዲና። "ወንድሜ ሞቶ ገና ዛሬ መርዶዬ ነው። የተረዳ ሰው ይተኛል?"

ረድኤት ብልቃጡን ኪሷ ከተተች። የምትቀመጥበት ስለጠፋት ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። ሠፈሩ ሶስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠ። ከሞተ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈውን ልጅ በስሙ እየጠሩ ዱዓ አደረጉለት። ጋሽ ፈንታው እንደ ቤተ ዘመድ በር ላይ ቆመው "ሶብር ይስጣችሁ" የሚለውን ሁሉ እጅ እየነሱ ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ወር ቀላል አልነበረም። መዲና በር ሲንኳኳ ከአልጋ ትዘልላለች። ወጥ አረረ ብላ ድስት ወረወረች። አንድ ጠዋት ጦይባን "ምን ታፈጪብኛለሽ!" ብላ ጮኸችባት፤ ጦይባ አውቶቡሷ ውስጥ ገብታ አለቀሰች፣ መሪውን ይዛ። ግን በማታው እናቷ ፀጉሯን እየሠራች፣ ቃሉ ግማሹ የጠፋ የማሽላ ጥበቃ ዘፈን አንጎራጎረችላት። መጋረጃው አልነበረም። ከወዲያ ማዶ ያለችው ሴት የምታስፈራም፣ የምትሞቅም ነበረች።

የእንቅልፍ ቤቱ መዲናን ከደቦው አስወጣት። መንገድ ላይ ሰዎች ትንሽ ራቅ ብለው ያልፏት ጀመር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከጎረቤቷ ከስንቅነሽ ጋር በቦዩ ውሃ ተጣሉ። ስንቅነሽ ውሃውን ወደ ጎመኗ መልሳው የመዲና በር በጭቃ ተጥለቅልቆ ነበር። መዲና ተናገረች፤ ስንቅነሽም ወደኋላ አላለችም፤ "አንቺ ደግሞ ከለቅሶው ወዲህ ሠፈሩን በጠበጥሽው!" አለቻት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ለዓመታት በዚያ ሠፈር ጠብ ስላልነበረ ሰዉ እንደ ሠርግ ሊያይ ወጣ። ጦይባ ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ ቤት እየመጣች ነበር። ከሩቅ ያየችው የእናቷን እጅ ነው፤ ተነስቷል፣ መዳፉ ተዘርግቷል። ሮጠች። እንደማትደርስ እያወቀች ሮጠች።

እጁ አየር ላይ ቆመ። ማንም አልያዘውም። መዲና የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ከባድ ዕቃ እንደሚያወርድ ሰው አወረደችው።

ስንቅነሽ ጉንጯን በመዳፏ ይዛለች፤ ያልመጣው ጥፊ ያረፈበት ቦታ ላይ። "ልትመቺኝ ነበር እኮ" አለች። ከመቆጣት ይልቅ ገርሟታል።

"አዎ፣ ልመታሽ ነበር" አለች መዲና። "ስትጮሂ ፈራሁ።"

"እኔን? እኔን ነው የምትፈሪው?"

"አንቺንስ አይደለም።" የቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ቀሚሷ ጭቃ ነካ። አጠገቧ ያለውን ድንጋይ በእጇ ጠረገችው። "ነይ ተቀመጪ። ማንን እንደምፈራ ልንገርሽ።"

ስንቅነሽ ዞር ብላ ሰዉን አየች። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠች። መዲና በቀን ብርሃን፣ ሰው እየሰማት፣ ከመጀመሪያው መናገር ጀመረች። ሊያይ የወጣው ሰው መንገዱ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ መጀመሪያ አንዲት አሮጊት፣ ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪው፣ ቀጥሎ ሌሎቹ፣ ባገኙት ድንጋይና ደፍ ላይ ተቀመጡ።